ከፋሲካ በኋላ የጾመችው ልጅ

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ያለችበትን ልይ ብዬ መካነ ሰላም ወጣሁ። ልጅቱ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል ጀማሪዎች የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ታስተምራለች። «አክስቴ፣ አንድ ቀን ክፍሌ ገብተው ይዩኝ» እያለች ስትነዘንዘኝ ሰንብታ ነበርና ሄድሁላት። ኮምፒውተሮቹ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው አቡጀዲ ተከናንበዋል። መብራት ከጠፋ ቆየ አሉ። ልጅቱ ግን ምንም አልመሰላት፤ ጠመኔ አንስታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለች፣ ከሣጥኑ ሁለት ቀስት አወጣች፣ በአንዱ ላይ «አዎ» በሌላው ላይ «አይ» ብላ ጻፈች። የጠመኔው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ዐይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። «አክስቴ፣ ምነው?» ስትለኝ «አቧራው ነው» ብያት ወጣሁ። ምን አቧራ! ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ እንጂ።

እኔ ይህንኑ ትምህርት በዚህችው ከተማ ተምሬዋለሁ፤ ያለ መብራት ብቻ ሳይሆን ያለ ኮምፒውተርም። በሰባ ሰባት። ሰባ ሰባት ሲባል የወሎ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። ለማያውቅ ግን ልንገረው፤ ሰማይ የከዳን፣ ሰው ከነልጁ በየመንገዱ የወደቀበት ዓመት ነው። በየግድግዳው ላይ ስለ አብዮቱ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሰው ተኝቶ ነበር።

የዚያን ዓመት መስከረም መምህር ዳምጠው የሚባል ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ቁመቱ ረዥም፣ ሱሪው አጭር፤ ብርዳችንን ስላላወቀው እስከ ኅዳር ድረስ ጥርሱ እየተፋጨ ነው ያስተማረን። መጽሐፉ ውስጥ የሚያኖራቸው ጠንከር ያሉ ወረቀቶች ነበሩት፤ ሁለመናቸው በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ። እኔ የባለሱቅ ልጅ ነኝ፣ ዕቃ ሲበላሽ አውቃለሁ፤ እጄን አወጣሁና «ቲቸር፣ ወረቀትዎን ነቀዝ በላው» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ራሱ ነው።

«ነቀዝ አይደለም ሰዓዳ» አለኝ ዕንባውን እየጠረገ። «ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሰጠሁበት ካርድ ነው። ማሽኑ ቀዳዳውን ነው የሚያነበው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ የፈለገ ይቅርና ይህን ላስተምረው አለ። ርእሰ መምህሩ «መጀመሪያ ለክፍሉ መስኮት ይግባለት እንጂ፣ ያልታየ ነገር ምን ተብሎ ይማሩታል?» ብሎ አሾፈበት፤ አልከለከለውም ግን። እኔ ቀረሁ። እንዲያው እውነቱን ለመናገር፣ ቤት ብገባ ሱቅ ጠብቂ እባላለሁ ብዬ ነው የቀረሁት።

በመጀመሪያው ቀን መምህር ዳምጠው ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ነገረን። የነገሩትን ይቀበላል፣ አይረሳም፣ ይታዘዛል፣ አይደክመውም፣ አይርበውም። እኔ ሰው መሰለኝ። አዲስ አበባ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀዳዳ እያነበበ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ የሚያድር ሰው። ማታ ለእናቴ ይህንኑ ነገርኋት። እናቴ ዘሀራ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት ከሥራዋ ቀና አትልም፤ «የማይርበውማ መላኢካ ነው። ስለ መላኢካ ካስተማሯችሁ ጥሩ አስተማሪ ነው» ብላኝ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ኮምፒውተር ስለሌለን ከመካከላችን አንዱ ማሽን ይሆናል፤ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ሌላው ትእዛዝ ይሰጠዋል። ሕጉ አንድ ነው። «ማሽን አይገምትም» ይላል መምህር ዳምጠው ጣቱን ቀስሮ። «የነገርኸውን ብቻ ያደርጋል። አይጨምርልህም፣ አይቀንስልህም፣ አያዝንልህም።» መጀመሪያ የተሰጠን ሥራ ውሃ መቅዳት ነበር። ማሽኗ እታፈራሁ ነበረች፤ አዛዧ እኔ። «ማንቆርቆሪያውን አንሺ። ወደፊት ሂጂ። አዘንብይ።» ብርጭቆ ያዢ ማለቱን ረስቼዋለሁ። እታፈራሁ ዐይኗ ሳይንቀሳቀስ ሄደችና ውሃውን ከመምህር ዳምጠው ጫማ ላይ አንቆረቆረችው። ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ስንንፈራፈር እሷ ጥርሷን እንኳ አላሳየችም፤ ሳቂ አልተባለችማ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ማሽኗ ሆኖ ቀረ።

እታፈራሁ የወግዲ ልጅ ናት። እነሱ አካባቢ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት ስላልነበረ እኛ ግቢ ካለችው ጠባብ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትማረው። አባቷ «ከቤቴ አንድ ፊደል የቆጠረ ይውጣ» ብሎ እሷን መርጦ ላከና ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናቷ ወይዘሮ ታየችም ቃሉን አላጠፈችም፤ ያለ በሬ፣ ያለ ሰው፣ ሞላ ከሚባል ትንሽ ልጇ ጋር እያረሰች ልጅቱን ታስተምር ነበር። እታፈራሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልደረስሁ የሞተው አባቴ ይቀየመኛል ትል ነበር፤ «ወላሂ ይቀየመኛል!» እሷ ክርስቲያን፣ መሐላዋ ወላሂ። እኔ እስላም፣ ስደነግጥ «በማርያም!» ነበር የምል። እኛ አገር ይህ አያስገርምም።

የባላገር ተማሪ ስንቁን ተሸክሞ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ቤቱ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦውን ተሸክሞ ይመለሳል። እኛ የከተማዎቹ አፋፉ ላይ ቆመን እንጠብቃቸውና «ምን ይዘሽልን መጣሽ?» እያልን እንዘርፋቸው ነበር። የዚያን ዓመት በጥቅምት እታፈራሁ ስንቋን በጀርባዋ አዝላ መጣች። በታኅሣሥ በብብቷ ያዘችው። በየካቲት አንድ እጇ በቃው። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ግን ሁለቱንም እጇን እያወዛወዘች መጣች፤ ማንም «ምን ይዘሽልን መጣሽ?» አላላትም። ያን ቀን እናቴ ከበር ላይ ቆማ አየቻትና «ከነገ ጀምሮ ምሳሽን ከሰዓዳ ጋር ትበያለሽ። እንቢ ብትይ እጣላሻለሁ» አለቻት። እናቴ እንግዲህ ደግነቷም በቁጣ ነው።

የእኛም ቤት ቢሆን የተረፈው አልነበረም። አባቴ ከደሴ እህል አገኛለሁ ብሎ እየተመላለሰ ባዶውን ይመጣል፤ እንጀራችን ሲናር በሚባለው የእህል አረም ተለውሶ ጠቁሯል። ሥጋማ የእስላም የክርስቲያን ብለን ለመለየትም አልታየ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እታፈራሁ ምሳ ሲቀርብ «እትዬ ዘሀራ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾም» ትላለች። እናቴ ድርሻዋን በሳህን ከድና ትሰጣታለች፤ እሷም ተቀብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች። እናቴ በዚህ ነገር ልቧ ተነካ። «እንዲህ ነው ጾም! አንቺን እኮ በረመዳን ቀትር ላይ ከእንስራው ሥር ነው የማገኝሽ» እያለች ታሸማቅቀኝ ነበር። ፋሲካ መጣ፤ ዶሮ ሳይታረድ፣ ከበሮው ራሱ ደክሞት አለፈ። እታፈራሁ ግን መጾሟን አላቆመችም። አንድ ቀን «ይሄ ጾማችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብዬ ብጠይቃት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝና ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«የሰው ዲን ይመረመራል? አንቺ ባለጌ!» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሷ አንቺን መቼ ሰገድሽ፣ መቼ አልሰገድሽም ብላሽ ታውቃለች? ልጅቱ ከጌታዋ ጋር ያላትን እሷ ታውቃለች። ሁለተኛ እንዳልሰማሽ።»

ሁለተኛ አልጠየቅሁም። እናቴ ነውር ያለችው ነገር ነውር ነው፤ አለቀ።

እታፈራሁ ስንቅ ፍለጋ ቤቷ መሄዱን ከተወች ወዲህ፣ በገበያ ቀን ወይዘሮ ታየች ሞላን አስከትላ ትመጣለች። የምትሸጠውም የምትገዛውም ነገር የላትም፤ ልጇን ለማየት ነው የምትመጣ። እታፈራሁ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ትሰጣታለች። እኔ ልብሷን ለማሳጠብ መስሎኝ፣ ይህችን ያህል ጨርቅ ራሷ ብታጥበው ምናለ ብዬ በሆዴ አማኋት! አንድ ቀን አብሬያት ሳለሁ ወይዘሮ ታየች ቋጠሮውን በእጇ መዘን አደረገችና ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺስ? ከሳሽሳ?»

«ትምህርቱ ነው እማዬ። እነ ሰዓዳ ቤትማ ይተርፋል፤ ጠግቤ ነው የማድር።»

ወይዘሮ ታየች ወደ እኔ ዞረች። እኔም የቤታችን ክብር ተነሣ ብዬ ደረቴን ነፋሁና ራሴን ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ ሁለት እጄን ይዛ ሳመችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ሻካራ ሆኖ ነበር።

ግንቦት ላይ መምህር ዳምጠው አዲስ ሥራ ሰጠን። «እስካሁን ማሽኑን አዘዛችሁት፤ አሁን ደግሞ እየጠየቀ የሚወስን ታደርጉታላችሁ። ግን እያንዳንዳችሁ የምትሠሩት ከሌላው ቤት ያለውን ነገር ነው። የራሳችሁን ቤት ከሆነ ስለምታውቁት ትዘላላችሁ። የማታውቁትን ከሆነ ግን እያንዳንዷን ነገር ጠይቃችሁ ነው የምታስገቡት።» እንግዲህ ጉድ ፈላ። የቄሱ ልጅ መኮንን የውዱእ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡት ትጥበት፣ ፕሮግራም ደረሰው፤ ማሽኑን ፊቱን ሳያስታጥብ እግሩን ቢያስታጥበው እስላሞቹ «ኧረ በነቢ!» ብለን ጮህንበት። ለእኔ የደረሰኝ «ዛሬ ጾም ነው ወይ?» የሚል ነው። ማሽኑ ቀኑን እየጠየቀ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ወይ «ጹም» ወይ «ብላ» ይላል።

እታፈራሁን ልጠይቃት አሰብሁና ተውሁት፤ እናቴ አትመርምሪ ብላኛለች፤ ደግሞም የማሽኗን መልስ ከማሽኗ መውሰድ ኩረጃ መሰለኝ። መኮንንን ያዝሁት። እሱ ከአባቱ የሰማውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። ሁዳዴ ይጾማል፣ ፍልሰታ ይጾማል፣ ነቢያት ይጾማል፣ ሌላም ሌላም። ሮብና ዓርብ ይጾማል፤ «ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ሲቀር» አለኝ። «እሱ በዓለ ሃምሳ ይባላል፤ ሮብም ይሁን ዓርብ ይበላል። ጾም የሚባል የለበትም።» ያንንም አስገባሁት። እውነት አላህ ያሳያችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ የሚያምር ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ዓርብ ሆነ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በሣጥንና በቀስት ሞላሁት። እታፈራሁ እንደ ወትሮዋ ፊት ለፊት ቆመች። ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ በአንድ እጇ ያዝ አድርጋዋለች። ጀመርሁ።

«ዛሬ ሁዳዴ ነው?»

«አይ።»

«ፍልሰታ ነው?»

«አይ።»

«ሮብ ወይም ዓርብ ነው?»

«አዎ።»

«ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳ ቀን ሞልቷል?»

የወረደ ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ መለሰች። መምህር ዳምጠው ፈገግ ብሎ «ማሽኑ ቆመ። ድገሚለት እስቲ» አለ። ደገምሁላት። እታፈራሁ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «አይ» አለች።

«እንግዲያው ዛሬ ጾም የለም። ብላ!» አልሁ።

ተጨበጨበልኝ። መምህር ዳምጠው «ጎበዝ፣ አንድ ስህተት የለውም» አለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ነገሩ አልገጠመልኝም።

«አይደለም ቲቸር፣ ተሳስቻለሁ» አልሁት። «ፕሮግራሙ ብላ ይላል። እታፈራሁ ግን ዛሬም ጾማ ነው የመጣች። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን አልፈታችም። የሆነ ጥያቄ ረስቻለሁ።»

እስላሞቹ ስህተቱን ለማግኘት ሰሌዳው ላይ እናፈጣለን፤ ክርስቲያኖቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። መኮንን ግንባሩን ከጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። መምህር ዳምጠው እታፈራሁን አያት፤ ዐይኑ ከፊቷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ እግሯ ወረደ። ከዚያ ዳስተሩን አነሣና ያን ያማረ ሥራዬን ጠርጎ አጠፋው።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ። «ዛሬ ይብቃን።»

እኔ ተናደድሁ። ተሳስቼ ከሆነ ስህተቴን ያሳየኛል እንጂ ያጠፋብኛል? በመንገድ ላይ እታፈራሁን «የቱን ጥያቄ ነው የረሳሁት?» ብዬ አስጨነቅኋት። «ምንም አልረሳሽ» አለችኝና ቀድማኝ ሄደች። መሄዱም ትንሽ ሄዳ መቆም፣ ትንሽ ሄዳ መቆም ነበር።

ያንኑ ቀን ሳይመሽ መምህር ዳምጠው ቤታችን መጣ። አልቀመጥም ብሎ ከደጃፉ ቆመ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እታፈራሁ ምሳዋን እርስዎ ጋ ነው የምትበላ?»

«አዎ! ምነው፣ ተራብሁ አለች እንዴ?» እናቴ ገና ከአሁኑ ተቆጣች።

«አላለችም። ጾም ላይ ነኝ ትላለች አሉ።»

«ታዲያ ጾም ነዋ።»

«ጾም የለም እትዬ። ከፋሲካ ወዲህ ጾም የሚባል ነገር የለም።»

እናቴ አፏን ያዘች። ከዚያ «እና እኔ የምሰጣትን ምን ታደርገዋለች?» ብላ ራሷን ጠየቀችና ወደ እታፈራሁ ክፍል ነጠላዋን እየጎተተች ሄደች። ተከተልኋት። እታፈራሁ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ከመደቡ ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ የእናቴ እንጀራ ተቆራርሶ ተሰጥቷል፤ ድርቆሽ ሊሆን። ጠርዙ ላይ ለመቋጠሪያ የተዘጋጀ ገመድ አለ።

ዘወር ስንል እታፈራሁ ከበሩ ቆማለች። «ለእማዬና ለሞላ ነው» አለች። «አልሰረቅሁም እትዬ። የኔን ድርሻ ነው።»

«አንቺስ ምን ትበያለሽ?»

«ፍርፋሪው ይበቃኛል።»

እናቴ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ የምትውል ሴት ናት፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ልጅቱን ሳብ አድርጋ አቀፈቻትና እጇ ከአጥንቷ ላይ ሲያርፍ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። «አፈር ልብላ! ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ሆኜ ጾም ነው እያልሁ! እንዲህ ያለ ጾም እያየሁ ሳመሰግንሽ!» እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፕሮግራሜ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ግን ለማንም መናገር አላሰኘኝም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። እናቴ ራሷ ትኩስ እንጀራና በቁና ገብስ ይዛ ከወይዘሮ ታየች ጋር ተገናኘች። መደበቅ አታውቅም፤ ሁሉንም ነገረቻት። «ልጅሽ ከዛሬ ጀምሮ ከፊቴ ነው የምትበላ። ለእናንተ ደግሞ የቻልሁትን እኔ አመጣለሁ፤ እንዳትቀሪብኝ» አለቻት። ወይዘሮ ታየች ስትሰማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ «የልጄን ጉሮሮ ነዋ ስበላ የከረምሁ!» አለች። የመጣላትን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ የእናቴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እናቴ ደግፋ አነሣቻት። እኔን አየችኝ፣ የእናቴን ያረጀ ጫማ አየች። «ያንቺስ ቤት ስንት አፍ አለበት እህቴ?» አለቻት።

«እሱን ለኔ ተይው» አለች እናቴ።

እታፈራሁ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። «እማዬ፣ የሚቀጥለው ገበያ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ እንጂ። አንቺ ብቻ ፈተናሽን አልፈሽ አሳይኝ» አለቻትና አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት። ሞላ ትኩሱን እንጀራ እየጎረሰ ስለነበረ ማንንም አልተሰናበተም።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጣችም። ገበያው ተበትኖ ውሻ ብቻ እስኪቀር ጠበቅናት። እታፈራሁ «ሞላ አሞት ይሆናል» አለች። እየበላች ነበር፤ እናቴ ከፊቷ ተቀምጣ እስክትጨርስ አትነሣም፤ ግን በየጉርሻው መሀል ወደ በሩ ትመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ገበያ አንድ የወግዲ ሰው፣ የነሱ ጎረቤት፣ ሲያልፍ አይቶን ቆመ።

«ታየችን ነው የምትጠብቁ? እሷማ ለሰፈራ ተመዘገበች። ከዚህ በላይ ካለው ሜዳ ናቸው፤ ዛሬ ነው የሚጫኑ» አለን። «አትሂጂ ብላት፣ እዚህ ካለሁ ልጄ ከአፏ መንጠቋን አትተውም፤ ስርቅላት ትበላለች አለችኝ።»

ሰፈራ ማለት የተራበውን ሰው ምድሩ ለም ነው ወደተባለ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር በመኪና መውሰድ ነው። ወድዶ የሄደ አለ፤ ሳይወድ የሄደም አለ። ተመልሶ የመጣ ስለመኖሩ ያን ጊዜ የሰማ አልነበረም። እታፈራሁ የሰውዬውን ንግግር አልጨረሰችውም፤ ሮጠች። በዚያ እግሯ እንዴት እንደሮጠች! እናቴና እኔ ተከተልናት።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። የጭነት መኪኖቹ ተደርድረው ጀርባቸው ተከፍቷል። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ «ቤተሰብ አይነጣጠልም! ከአንድ ቤት የሆነ ሁሉ አብሮ ይጫናል! እናት ከልጇ፣ ልጅ ከእናቱ አይለይም!» እያለ ይደጋግማል። እኔ በልቤ ደግ ሰው ነው አልሁ።

እታፈራሁ አገኘቻቸው። ወይዘሮ ታየች ከመኪናው ላይ ተቀምጣ ሞላን ታቅፋለች። «እማዬ!» ብላ የመኪናውን ጠርዝ ጨበጠች። «እማዬ! እማዬ ውረጂ!» ከመኪናው ሥር የቆመው መዝጋቢ ዘወር አለ።

«ማናት ይቺ? ያንቺ ናት?» አላት ወይዘሮ ታየችን።

ወይዘሮ ታየች ልጇን አየቻት። አሁንም ድረስ ያቺ እይታ ከፊቴ አትሄድም። ከዚያ ዐይኗን ወደ መዝጋቢው መለሰች።

«የኔ አይደለችም» አለች። «ያለኝ ይኼው ይህ ወንድ ልጅ ነው።»

ሞላ አፉን ከፈተ። እናቱ ፊቱን ከደረቷ ላይ አጣብቃ በጋቢዋ ሸፈነችው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ! እታፈራሁ ነኝ!»

«እማዬ እያለችሽ ነው እኮ» አለ መዝጋቢው። «ቤተሰብ ከሆነች ትውጣ፣ ቦታ አለ።» የእታፈራሁን ክንድ ያዘ።

በዚህን ጊዜ እናቴ እያለከለከች ደረሰች። ምን እየሆነ እንደሆነ ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም፤ የታየችን ፊት አየች፣ በቃ። «ልቀቃት! የኔ ናት!» አለች።

«ያንቺ? ስሟ ማነው?»

«ፋጡማ።» እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «ንዳድ ይዟት ነው። ያየችውን ሴት ሁሉ እማዬ ትላለች።» ይህን ስትናገር ነጠላዋን አውልቃ ከእታፈራሁ አንገት ላይ ጠመጠመችው፤ ማተቧ ተሸፈነ። መዝጋቢው ወደ እኔ ዞረ።

«እህትሽ ናት?»

«እህቴ ናት» አልሁ።

አመነን ይሁን፣ ሰለቸው ይሁን፣ አዘነልን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ክንዷን ለቀቀና ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ። እታፈራሁ ከነጠላው ውስጥ እናቷን ቀና ብላ አየች። ያን ጊዜ ገባት። መጣራቱን ተወች። እጇ ግን ጠርዙን እንደጨበጠ ነው።

ሞተሩ ተነሣ። ወይዘሮ ታየች ከላይ ሆና ወደ እናቴ ጎንበስ አለች። ገበያ ላይ «እህቴ» ያለቻትን፣ አሁን አይታት እንደማታውቅ ሰው አንቱ አለቻት።

«እሜቴ» አለች፣ «ልጅዎን ይያዟት። መኪናው እንዳይገጫት።»

እናቴ ያዘቻት።